የሥራ ማመልከቻና ሁለቱ የዘመን አቈጣጠር

ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ሥራ የሚወጣ ተማሪ ከማመልከቻው ጋራ አያይዞ የሚያቀርበው አንድ ጽሑፍ አለ፤ ይኸውም በተለምዶ ሲቪ የሚባለው ነው። ስያሜው የሁለት የላቲን ቃላት ምሕጻር ሲሆን፥ ትርጓሜው የሕይወት ሩጫ ማለት ነው። ስለ አጻጻፉ የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ለውጭ አገር ሰው የተዘጋጀ ስለ ሆነ፥ ኢትዮጵያዊውን ተማሪ የሚያሰናክሉትን ሁለት ነገሮች፥ የዘመን አቈጣጠርንና የስም አጻጻፍን፥ አያነሣም።

አስቀድመን የዘመን አቈጣጠርን እንመልከት። የእኛ ዓመት ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ከአውሮፓውያን ዓመት በ7 ያንሳል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ግን በ8 ያንሳል። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. ታኅሣሥ 20 ቀን የተወለደ ሰው በእነርሱ አቈጣጠር የ2002 ልጅ ሲሆን፥ ታኅሣሥ 25 ቀን የተወለደው ጓደኛው የ2003 ልጅ ይሆናል።

የነገሩን ክብደት የተረዳሁት በራሴ ከደረሰ በኋላ ነው። በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ መጀመሪያ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ገብቼ፥ በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት መጀመሪያ ወጣሁ። ሲቪዬን በእንግሊዝኛ ስጽፍ በሁለቱም ዓመታት ላይ 7 ደመርሁ። ከጁላይ 2024 እስከ ኦክቶበር 2024 መሆን የሚገባው፥ ከጁላይ 2023 እስከ ኦክቶበር 2024 ሆነ። የ3 ወር ሥራ 15 ወር ተባለ ማለት ነው። በቃል ፈተናው ጊዜ ጠያቂው ሲቪውን ከሥራ ምስክር ወረቀቴ ጋራ አስተያይተው፥ «ልጄ፥ እውነቱ የትኛው ነው?» አሉኝ። ምክንያቱን ባስረዳም ሥራውን አላገኘሁም። ልቀየማቸው አልቻልሁም፤ ስሕተትና ውሸት በወረቀት ላይ ሲታዩ መልካቸው አንድ ነውና።

ሁለተኛው የስም ጕዳይ ነው። እኛ በአባትና በአያት ስም እንጠራለን እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለንም። የውጭ ድርጅት ቅጽ ይህን ሲጠይቅ፥ አንዱ የአባቱን፥ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል። ደግሞም ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ ጸሓፊ በ«ቲ»፥ ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። ስሙ በ12ኛ ክፍል ምስክር ወረቀትና በዲግሪው ላይ የተለያየበት ሰው፥ ሁለቱም ወረቀቶች የእርሱ መሆናቸውን ለማስረዳት ይገደዳል። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ቦታ መጠቀም፥ ልዩነት ካለም በአንድ መስመር መግለጽ ይገባል።

የቀረው ክፍል ቀላል ነው። አዲስ ተመራቂ ትምህርቱን ያስቀድም፤ በየክፍሉም የቅርቡን ከላይ፥ የቀድሞውን ከታች ይጻፍ። ከሁለት ገጽ አይለፍ። «ታታሪ ሠራተኛ ነኝ» ከማለት፥ «600 መጻሕፍት በዝርዝር መዘገብሁ» ማለት ይበልጣል፤ የመጀመሪያውን ማንም ሊለው ይችላልና። ምስክር አድርጎ የሚጠራቸውን መምህራን አስቀድሞ ያስፈቅድ።

በመጨረሻም ጽሑፉን ከመስጠቱ በፊት በእያንዳንዱ መስመር ላይ፥ «ይህን የሚያረጋግጥልኝ ወረቀት ወይም ሰው ማን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልስ ያጣበትን መስመር ያርመው ወይም ይሰርዘው። ገና ሥራ ያልያዘ ተማሪ ለአሠሪው ሊያሳየው የሚችለው ትልቁ ሀብት መታመን ነው።