ንፍሮውና ተራራው

በነፋስ መውጫ ወይም በጉና ግርጌ የሚኖር ሰው የባቄላ ንፍሮ ሲቀቅል ብዙ እንጨት ይፈጃል። ያው ባቄላ በዚያው ድስት ወደ በሽሎ ቆላ ወርዶ ቢጣድ ግን ፈጥኖ ይበስላል። በደጋም በቆላም ያበሰለ ሰው ይህን ልዩነት ሊያስተውል ይችላል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ግን አንዱ «እንጨቱ ነው» ይላል፤ ሌላው «ውኃው ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የደጋው ብርድ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ከሦስቱ የትኛው እውነት ነው? ወይስ አራተኛ መልስ አለ?

ታላላቅ የሳይንስ ጥያቄዎች የሚነሡት በትልልቅ ቤተ ሙከራዎች ብቻ ይመስለን ይሆናል። እንዲያ አይደለም። ብዙዎቹ የሚነሡት ከምድጃ ዳር፣ ከእርሻ ማሳና ከመንገድ ላይ ነው። ጠያቂው ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት ያየውን ነገር ሳያልፍ ቆም ብሎ መመልከት፣ ለጥያቄው የመጣለትን የመጀመሪያ መልስ ደግሞ በቶሎ አለመዋጥ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከባድ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቆየት ብላችሁ ታዩታላችሁ።

በመጀመሪያ የንፍሮውን ጉዳይ እንመልከት። አየር ክብደት አለው። ከራሳችን በላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው አየር ተደራርቦ ስለሚገኝ ምድርን፣ ሰውን፣ በድስት ያለውንም ውኃ ዘወትር ይጫናል። ውኃ ፈላ የምንለው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ይህን ግፊት ተቋቁሞ አረፋ እየሆነ ሲወጣ ነው። በባሕር ወለል አጠገብ የአየሩ ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ ውኃው የሚፈላው ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ከፍ ባልን መጠን ግን ከበላያችን የሚቀረው አየር ይቀንሳል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ራስ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ እንፋሎቱ ብዙ ሳይቸገር ይወጣል፤ ውኃውም ገና 86 ወይም 87 ዲግሪ ላይ ሳለ ይንተከተካል። 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በነፋስ መውጫ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በበሽሎ ሸለቆ ውስጥ 1,200 ሜትር ገደማ ወዳለው ሥፍራ ብትወርዱ ደግሞ 96 ዲግሪ ይደርሳል። በጠቅላላው 300 ሜትር ያህል በወጣን ቁጥር የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ውኃ አንድ ጊዜ መፍላት ከጀመረ በኋላ እንጨት ቢጨመርበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። የተጨመረው እሳት ውኃውን ቶሎ እንፋሎት ያደርገዋል እንጂ አያግለውም። እንግዲህ በነፋስ መውጫ ያለችው ባለቤት የቱንም ያህል ብትማግድ ባቄላዋ የሚበስለው በ90 ዲግሪ ውኃ ነው። የጎደለውን ሙቀት በጊዜ ትከፍለዋለች፤ ጊዜው ደግሞ እንጨት ነው፤ እንጨቱም ዛፍ ነው። እንፋሎት የማያስወጣ ጥብቅ ክዳን ያለው የብረት ድስት ያላቸው ሰዎች ግን በድስቱ ውስጥ ግፊቱን ስለሚጨምሩት ከዚህ ችግር ያመልጣሉ።

ይህን ማብራሪያ ስላነበባችሁት ብቻ ልትቀበሉት አይገባም። ከላይ የተጠቀሱትን ሦስት መልሶች መፈተን ትችላላችሁ። «ውኃው ነው» ለሚለው ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ውኃ ይዛችሁ ደጋም ቆላም አፍሉ። «እንጨቱ ነው» ለሚለው በአንዱ ሥፍራ ወይራ፣ በሌላ ጊዜ ባሕር ዛፍ ማግዱና የሚፈላውን ውኃ ሙቀት ለኩ። «ብርዱ ነው» ለሚለው ደግሞ በዚያው ቦታ ሌሊትና ቀትር ላይ ለኩ፤ ከቤት ውጭ ያለው አየር ቢቀዘቅዝም ቢሞቅም ውኃው የሚፈላበት ዲግሪ እምብዛም እንደማይለወጥ ታያላችሁ። ባቄላው የአንድ ዓመት ምርት፣ ድስቱም አንድ መሆን አለበት፤ ያረጀ ባቄላ በቆላም ቢሆን ይዘገያልና። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የለወጠ ሰው ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ሊናገር አይችልም። ወገዳ ላይ ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ሆን ብዬ እዚህ አልጻፍሁም፤ በትምህርት ቤታችሁ ቴርሞሜትር ካለ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅባችሁም፤ ከተገኘው ዲግሪም የከተማዪቱን ከፍታ በግምት ልትደርሱበት ትችላላችሁ።

በፈላ ውኃ ተራራን መለካት ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አገራችን በዚህ ዘዴ ተለክታለች። አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ በ1830 ዓ.ም. ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምፅዋ ደረሰ። ደመወዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት አልነበረውም፤ በራሱ ሀብትና ፍላጎት የመጣ ሰው ነበር። ዐሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ከጎንደር እስከ እናርያ ድረስ ተራራን ከተራራ በማዕዘን እያያያዘ፣ ከፍታውንም ውኃ አፍልቶ በቴርሞሜትር እያነበበ የአገሪቱን ካርታ ሠራ። አማርኛም ተማረ፤ መዝገበ ቃላቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ታትሟል።

ይኸው ሰው ግን በአንድ ታላቅ ጥያቄ ላይ ተሳስቷል። በዚያን ዘመን የአውሮፓ መንገደኞች ሁሉ ይጓጉበት የነበረው የነጭ አባይ ምንጭ የት ነው የሚለው ነበር። ዳባዲ በ1838 ዓ.ም. በጊቤ አገር ምንጩን አገኘሁ ብሎ አመነ፤ ሌሎች ሲቃወሙትም ለብዙ ዓመታት ተሟገተ። ጊቤ ግን ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ አባይ አይፈስስም። በዚህ ላይ ትኩረት ስጡ። ተራራ ሲለካ የተጠነቀቀ፣ ቁጥሩን ደጋግሞ ያረጋገጠ ሰው፣ የወንዙን መውረጃ እስከ መጨረሻው ሳይከተል መልሱን ወሰነ። በእኔ አስተያየት የተራራው ቁመት ይህን ያህል ይሁን ወይም ያን ያህል ለእርሱ ለውጥ አልነበረውም፤ የወንዙን ምንጭ ግን ለማግኘት አጥብቆ ይመኝ ነበር። ምኞት የበረታበት መልስ ሁሉ ሁለት ጊዜ መመርመር አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ከምድጃው ወጥተን ወደ ሰማይ ቀና እንበል። «ጉና ከወገዳ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበ ነው፤ ታዲያ ለምን ይበርዳል?» የሚለው ጥያቄ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፤ እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፀሐይ ከምድር በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ጉናን መውጣት ከዚህ መንገድ የሚቀንሰው አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃም አለ። ምድር በዓመት አንድ ጊዜ ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ ማለቂያ ነው፤ ርቀቱ ያን ጊዜ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሰኔ ማለቂያ ወደ 152 ሚሊዮን ይርቃል። ሆኖም በጉና ግርጌ ውርጭ ገብሱን የሚያቃጥለው ደመና በሌለበት በበጋው ሌሊት፣ ታኅሣሥንም ጨምሮ ነው። አምስት ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መቅረብ ውርጭን ካላስቀረ፣ አራት ኪሎ ሜትር ምን ያደርጋል?

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፀሐይ ብርሃን አየሩን አልፎ በይበልጥ የሚያሞቀው መሬትን ነው፤ አየሩ ደግሞ ከመሬት ሙቀት ይቀበላል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍታ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስስ የሆነው የተራራ አየርም ሌሊት ሙቀትን አጥብቆ አይዝም። እንግዲህ ንፍሮውን የሚያዘገየውና በጉና ላይ ከጅብራና ከጓሳ በቀር ብዙ ተክል እንዳይበቅል የሚያደርገው ብርድ ከአንድ ሥር የመጡ ናቸው፤ ይኸውም ከበላይ ያለው አየር ማነሱ ነው።

ሰማይን መቁጠር ለዚህ አገር እንግዳ አለመሆኑንም ሳላነሣ አላልፍም። ጋይንት የድጓ መምህራን ምስክር የሚቀበሉባት ቤተልሔም የምትገኝበት አገር ነው። ድጓ በየበዓሉ የሚዜም በመሆኑ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ማወቅ ግድ ነው፤ ለዚህም ባሕረ ሐሳብ አለ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴንና መጥቅዕን የሚያወጡት በ19 ዓመት ዑደት ነው፤ ምክንያቱም 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ከጥቂት ሰዓታት በማይበልጥ ልዩነት እኩል ናቸው። ይህን ያለ መነጽር፣ ያለ መሣሪያ፣ በትዕግሥት ቆጥረው የደረሱበት የጥንት ሰዎች ናቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ጨረቃ የፀሐይን መሐል ሸፍና በላስታ ላሊበላ እንደ ቀለበት ስትታይ ሰዓቱ አስቀድሞ በደቂቃ ታውቆ የነበረውም በዚሁ ዐይነት፣ ነገር ግን እጅግ በረቀቀ ስሌት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን በእግራችን ሥር ያለው ነው። ወደ በሽሎ የወረደ ሰው ገደሉ እንደ ደረጃ ተደራርቦ መሠራቱን ያያል፤ ጥቁር አለት፣ ከዚያ ቀይ አፈር የመሰለ ስስ ሽፋን፣ ከዚያም እንደገና ጥቁር አለት። ጥቁሩ ባዛልት ይባላል፤ ከምድር ውስጥ ቀልጦ በስንጥቅ የወጣና እንደ ውኃ ተንጣሎ የረጋ ድንጋይ ነው። ቀዩ ሽፋን ደግሞ በብዙ ሥፍራ በሁለት ፍሳሾች መካከል አየርና ዝናብ ያበሰበሱት የጥንት አፈር ነው። ይህ ማለት አንዱ ፍሳሽ ከረጋ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ድረስ አፈር ለመሆን የሚበቃ ጊዜ አልፏል። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጉና ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዚህ አለት ላይ የተቆለለ እሳተ ገሞራ ነበር።

ቁጥሩ ከየት መጣ ማለታችሁ አይቀርም፤ ካላላችሁም ልትሉ ይገባል። በድንጋዩ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከእርሱ ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ከረጋ በኋላ ግን በውስጡ ይታሰራል። ስለዚህ የታሰረውን አርጎንና የቀረውን ፖታሲየም የለካ ሰው ድንጋዩ ከረጋ ስንት ዘመን እንደሆነው ያሰላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ደግሞ የአባይ ሸለቆ ከባዛልቱ በታች ያለውን የኖራ ድንጋይ ገልጦ ያሳያል፤ በውስጡ የባሕር ዛጎል ይገኛል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚያ ሥፍራ ባሕር ነበር። ዛሬ ደጋ የምንለው ምድር ከሥሩ በሚወጣ ትኩስ የምድር ውስጥ አካል እየተገፋ ወደ ላይ ተነሥቷል። መቼና በምን ፍጥነት እንደተነሣ ግን ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። ከእናንተ አንዱ ይህን ጥያቄ ለሥራው ሊመርጠው ይችላል።

ምድሪቱ እንደ ተነሣች ሁሉ እየተሸረሸረችም ነው። በጉና ጀርባ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎችን አስቡ። አንዱ ወደ ምዕራብ ቢወርድ በርብ ወይም በጉማራ ጣና ይገባል፤ ከጣናም በአባይ ወጥቶ በጢስ ዐባይ ይወረወራል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ቢወርድ በሽሎን ይከተላል። ሁለቱ እንደገና የሚገናኙት በስማዳ ደቡብ ጠረፍ፣ በሽሎ ከአባይ ጋር በሚቀላቀልበት ሥፍራ ነው። ባዶ እጃቸውንም አይደለም የሚገናኙት። በክረምት በሽሎ ቡናማ ሆኖ የሚጎርፈው የእርሻችንን አፈር ስለ ተሸከመ ነው። በ1958 ዓ.ም. በሱዳን የተሠራው የሮዜሬስ ግድብ በዚህ ዐይነት ደለል ውኃ የሚይዝበትን ሥፍራ ብዙ አጥቷል። ዛሬ ደግሞ ከዚያ በፊት በጉባ የሚቀበለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ አለ።

ስንት አፈር ከእናንተ ማሳ እንደሚሄድ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በሐምሌ፣ ዝናብ እንዳባራ፣ ከአንድ ቦይ አንድ ሊትር ድፍርስ ውኃ በጠርሙስ ቅዱ፤ እስኪጠል አሳድሩት፤ ውኃውን ቀስ ብላችሁ አፍስሱና የቀረውን አፈር አድርቃችሁ መዝኑ። እርከን ከተሠራበት ማሳ የወጣውንም እንዲሁ አድርጉ። ቀኑን፣ የቦዩን ስምና የሁለቱን ክብደት በደብተር ጻፉ፤ በማግስቱ ሲዘንብም ድገሙት።