ለመድኃኒቱ በር የሚከፍት ኤሌክትሪክ

ኤሌክትሪክ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን አደጋው ነው። በሐኪም እጅ ግን ለካንሰር መድኃኒት በር ከፋች ሆኗል።

ብሊዮማይሲን የተባለው መድኃኒት ሴል ውስጥ ከገባ ብርቱ ነው፤ ችግሩ የሴሉ ሽፋን በቀላሉ አያሳልፈውም። እ.ኤ.አ. በ1991 የፈረንሳዩ ጉስታቭ ሩሲ ተቋም ተመራማሪዎች በሰው ላይ ያደረጉትን የመጀመሪያ ሙከራ ይፋ አደረጉ። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ እባጩ ላይ 8 የኤሌክትሪክ ምቶች ይለቀቃሉ። እያንዳንዱ ምት የሚቆየው የሰከንድ 10 ሺህኛ ክፍል ያህል ነው። በዚህ ጊዜ በሽፋኑ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈቱና መድኃኒቱ ይገባል፤ ቀዳዳዎቹም ተመልሰው ይዘጋሉ።

ውጤቱስ? በ2006 በወጣ የአውሮፓ ጥናት ከታከሙት እባጮች 85 በመቶው ምላሽ ሰጥተዋል፤ 74 በመቶ ያህሉ ጨርሰው ጠፍተዋል። ትናንሾቹ ከትልልቆቹ የተሻለ ይመልሳሉ። ለውጡ ግን በአንድ ቀን አይታይም። እባጩ ይደርቃል፣ ቅርፊቱም ከሳምንታት በኋላ ይወድቃል፤ ሐኪሙ እየለካ ይከታተላል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ሕክምናው የሚያጠፋው የነካውን እባጭ እንጂ በሰውነት የተሰራጨውን ካንሰር አይደለም። ስለዚህ በሽተኛው ሌላውን ሕክምና ማቋረጥ የለበትም። የሚደማና የሚያሠቃይ ቁስል ለተሸከመ ሰው ግን ይህም ትልቅ እፎይታ ነው።