ወገብን በሙቀት ማከም፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መመርመር

ከጉና ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች፣ ከፎገራ ሜዳ ሩዝ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ ሲገባ፣ ከመኪናው እስከ መጋዘኑ ያለውን መንገድ የሚጨርሰው የጫኝና አውራጁ ጀርባ ነው። አንዱ ኩንታል 100 ኪሎ ይመዝናል፤ ሸክሙም በተደጋገመ ጊዜ ወገብ ይጐዳል። ባለሱቁም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ጐንበስ ቀና ሲል ስለሚውል ከዚህ ሕመም አያመልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. የወገብ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ቁጥር በመላው ዓለም 619 ሚሊዮን ነበር።

ሙቀት ሕመምን እንደሚያስታግሥ የደቡብ ጎንደር ሰው ጥንቱን ያውቃል። ወገቡንና ጉልበቱን የሚያመው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይወርዳል፤ በጋለ ብረት መተኮስም በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ በውጭ አገር ሆስፒታሎች የተስፋፋው፣ ራዲዮፍሪኩዌንሲ አብሌሽን የሚባለው ሕክምናም የሚሠራው በሙቀት ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ የጋለ ብረት ቆዳን ያቃጥላል፣ ይህኛው ግን ቆዳውን አልፎ የሕመሙን ወሬ ወደ አንጐል የሚያደርሰውን ቀጭን ነርቭ ይፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ቦታውን በማደንዘዣ ካደነዘዘ በኋላ፣ በራጅ መሣሪያ እየተመለከተ፣ ጫፉ ብቻ ያልተሸፈነ ቀጭን መርፌ በአከርካሪው ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አጠገብ ያስገባል። አስቀድሞ ደካማ ኤሌክትሪክ በመልቀቅ እግርን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አለመነካቱን ይፈትናል። ከዚያም በሴኮንድ 500 ሺህ ጊዜ ያህል የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ፣ በመርፌው ጫፍ ዙሪያ ያለው ሥጋ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል። ይህ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይቆያል፤ በሽተኛውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ ነርቭ እንደ ተቈረጠ ሣር ተመልሶ ይበቅላል። ሕክምናው የተሳካለት ሰው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እፎይታ ያገኛል፤ ኋላ ግን ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ያረጀው መገጣጠሚያ አይታደስም፤ የተንሸራተተውም ዲስክ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ የሚገዛው ነገር ፈውስ ሳይሆን ጊዜ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ያንን ጊዜ ወገቡን በእንቅስቃሴ ለማጠንከር ያልተጠቀመበት ሰው ገንዘቡን በከንቱ አባክኗል።

ነጋዴ ናሙና ሳያይ እህል አይገዛም። በዚህም ሕክምና ናሙና አለ፤ ሐኪሙ ዋናውን ሥራ ከመጀመሩ በፊት በዚያው ነርቭ ላይ ጥቂት ማደንዘዣ ይወጋል። ሕመሙ ለጥቂት ሰዓታት በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ የሕመሙ ምንጭ እዚያ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ካልቀነሰ ግን መቀጠሉ አይጠቅምም። ይህንን ፈተና ሁለት ጊዜ ማድረግ ይበልጥ ያስተማምናል።

ሊቃውንቱም በነገሩ አልተስማሙም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በሆላንድ 681 በሽተኞች የተካፈሉባቸው ሦስት ጥናቶች ታትመው ነበር፤ ሕክምናው በአካል እንቅስቃሴ ላይ ሲጨመር ያመጣው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2025 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ መመሪያም፣ ከካንሰር ላልመጣ ሥር የሰደደ የአከርካሪ ሕመም ይህ ሕክምና እንዳይሰጥ አጥብቆ መክሯል። ሕክምናውን የሚሰጡ ሐኪሞች ማኅበራት በበኩላቸው፣ በሽተኛው በሚገባ ከተመረጠ ጥቅም አለው ሲሉ ተቃውመዋል። እንግዲህ ንብረቱን ሸጦ ወይም የውጭ ምንዛሪ ፈልጎ ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ለመሄድ የሚያስብ ሰው፣ አስቀድሞ በደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ ካስፈለገም በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ይመርመር። «የሕመሜ ምንጭ ምንድን ነው? በናሙናው መርፌ ተረጋግጧልን? ሕመሙ ቢመለስስ ምን ይደረጋል?» ብሎ ይጠይቅ።

እግሩ የዛለ፣ ሽንቱን መቈጣጠር ያቃተው፣ ከወገብ ሕመሙ ጋራ ትኩሳት ወይም ክሳት ያለበት ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። እንዲህ ያለው ምልክት የአከርካሪ ነቀርሳ ወይም ሌላ ከባድ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ፍል ውሃም ሆነ መርፌ እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ ያስጐዳል።

ከሕክምናው ሁሉ የሚረክሰው መድኃኒት በነጋዴው እጅ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጐልማሳ ወንድ ሠራተኛ ሊሸከም የሚገባው ከፍተኛ ክብደት 55 ኪሎ እንዲሆን አሳስቧል። ኩንታሉ ከዚህ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የጐደለው። ወደ ውጭ የሚላከው ቡናችን በ60 ኪሎ ጆንያ ይታሸጋል፤ እህሉም በ50 ኪሎ ቢታሸግ ንግዱ አይጐድልበትም። ጋሪ ማቅረብና ከባዱን ለሁለት ማሸከም ወጪው ጥቂት ነው። ኤሌክትሪኩ የሚያስታግሠው ከተጐዳ በኋላ ነው፤ የጆንያው መቅለል ግን ጉዳቱን ከመነሻው ያስቀራል።