ነብር ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

በአማርኛችን ሁለት የተለያዩ አውሬዎች በአንድ ስም ሲጠሩ ይሰማል። አንደኛው የአገራችን ነው። ሁለተኛው ግን በዱር የሚኖረው በእስያ ብቻ ነው። ሁለቱንም «ነብር» እንላቸዋለን። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለአባቶቻችን ነብር አንድ ነበር፤ እሱም ባለ ነጠብጣቡ ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ከኢትዮጵያዊ መልክ ጋር የተነሳው እሱ ነው። የጥንት ጦረኞችና መኳንንት ለምድ የተሠራውም ከእሱ ቆዳ ነው። «የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» የተባለውም ለእሱ ነው። ፈረንጆች ታይገር የሚሉት ባለ መስመሩ አውሬ በመጻሕፍት፣ በፊልምና በዜና ሲመጣ የራሱ ስም ስላልነበረው በነብር ስም ገባ። እነ ደቡብ ኮሪያንና ሲንጋፖርን «የእስያ ነብሮች» ስንል፣ እስከ ግንቦት 2001 ዓ.ም. በስሪላንካ ሲዋጉ የነበሩትንም «የታሚል ነብሮች» ስንል፣ በሁለቱም ቦታ የተፈለገው ታይገር ነው።

እኔ የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። እኛ ሰፈር ማታ ማታ የሚሰማው የጅብ ጩኸት ነው። አንዲት ጎረቤታችን እማማ ግን ስለ ድሮው ሲያወሩ «ነብር ፍየል ይወስድብን ነበር» ይላሉ። መልኩን ስጠይቃቸው «ዝንጉርጉር ነዋ!» አሉኝ። ታናሽ ወንድሜን ነብር ሳልልኝ ብለው ደግሞ ብርቱካናማ ቀብቶ ጥቁር መስመር አሰመረበት። ስሙ ከእማማ፣ ሥዕሉ ከቴሌቪዥን!

ለመሆኑ ልዩነቱ ከመቼ ይጀምራል? ከልደት። የታይገር ግልገል ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ሆኖ ሲወለድ መስመሩ ቆዳው ላይ አለ። እንደ ጣት አሻራ ከሌላው የተለየ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉም አይለቀውም። የእኛ ነብር ግልገል ግን ከዚያ ያንሳል። ፀጉሩ ግራጫ ቢጤ፣ ነጠብጣቡም የተጠጋጋ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ድፍን ጥቁር ሊመስል ይችላል። ሲያድግ ነጠብጣቡ እየተራራቀ እንደ አበባ ክብ ይሠራል። የአንበሳ ደቦልም ነጠብጣብ ይዞ ይወለዳል፤ የእሱ ግን እያደገ ሲሄድ ይደበዝዛል።

ታይገሮችስ እርስ በርሳቸው? በቆየው አከፋፈል ዘጠኝ ንዑስ ዝርያዎች ነበሯቸው። ከእነዚህ የባሊ፣ የጃቫና የካስፒያን ታይገሮች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የድመት ወገን አጥኚዎች ቡድን ታይገርን በሁለት ብቻ፣ ማለትም በዋናው የእስያ ምድርና በሱማትራ አካባቢ ደሴቶች፣ ከፈለው። በ2018 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ ዛሬም በሕይወት ያሉ ስድስት ንዑስ ዝርያዎች አሉ አለ። ክርክሩ አልተዘጋም። ግልገሎቻቸውን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ በዓይን መለየቱ ከባድ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ሲያድጉ ነው። የሱማትራው ወንድ ከ100 እስከ 140 ኪሎ ሲመዝን የሳይቤሪያው ከ200 ኪሎ በላይ ሊደርስ ይችላል። የሱማትራው መስመር የተጠጋጋ ነው፤ ለበረዶ የተፈጠረው የሳይቤሪያው ግን ፀጉሩ ወፍራም፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ነው። ነጩ ታይገርም ብዙዎች እንደሚያስቡት ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም። ከሁለቱም ወላጆቹ አንድ ዓይነት ድብቅ ዘረመል የወረሰ ግልገል ነው። የእኛው ነብር ነገር ቀለል ይላል፤ በዚያው በ2017ቱ አከፋፈል በመላው አፍሪካ ያለው ነብር አንድ ንዑስ ዝርያ ነው።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ነገ አንዳችን ስለ ነብር ዜና እንሠራ ይሆናል። «ነብር ታየ» ብለን ባለ መስመሩን ፎቶ ብንለጥፍ፣ በጫካ ዳር የሚኖር እረኛ ሊጠነቀቀው የሚገባውን አውሬ በተሳሳተ መልክ እናሳየዋለን። ሌላም ጉዳት አለ። የእኛ ነብር በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት አንዱ ነው። ልጆቻችን መልኩን ካላወቁት ሲጠፋም አያውቁም። ስለዚህ ነብርን ለነብር ትተን ሌላውን፣ ብዙ ሰው አሁንም እንደሚለው፣ ታይገር ብንለው ምን ይለናል? ስንተረጉምም ሆነ ፎቶ ስንመርጥ አንድ ጥያቄ ትበቃናለች፦ ነጠብጣብ ነው ወይስ መስመር?