በቤት ለሚሠራ የቀዘፋ ጀልባ የትኛው ንድፍ ይመረጣል?

በዕረፍት ሰዓቱ መጋዝና መላጊያ የሚያነሣ ወታደር፣ ከወንበርና ከቁም ሣጥን አልፎ ጀልባ ለመሥራት ሲያስብ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በኦሊምፒክ ውድድር በሚታየው ቀጭን የቀዘፋ ጀልባ ላይ ነው። ይህም አያስደንቅም። አንድ ሰው በሁለት መቅዘፊያ የሚነዳው የውድድር ጀልባ ርዝመቱ 8 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በውኃው ላይ የሚያርፈው ወገቡ ግን 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዓለም አቀፍ ውድድር የተወሰነለት ዝቅተኛ ክብደት 14 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ያህል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ጀልባ ከእንጨት ሲሠራ ምን ያህል ውበት እንዳለው ለማወቅ የጆርጅ ፖኮክን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ሲሠራ የኖረው ይህ ባለሙያ፣ ከጽድ ወገን የሆነውን ቀይ ሴዳር የተባለ ቀላል እንጨት በስሱ እየሰነጠቀ፣ በእንፋሎት እያለዘበ የጀልባውን አጽም ያለብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ በስምንት ቀዛፊዎች ውድድር የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን የቀዘፈው በእርሱ ጀልባ ነው። ይሁን እንጂ ፖኮክ ሙያውን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ የሚሠራ ሰው የእርሱን ፈለግ ልከተል ቢል የዓመት ፈቃዱንም ገንዘቡንም ሊጨርስ ይችላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ውኃው ነው። ቀጭኑ ጀልባ ጸጥ ላለ ውኃ የተበጀ ነው። ጠርዙ ከውኃው ከፍ የሚለው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሚነሣባቸው እንደ ላንጋኖ ባሉ ሐይቆች ላይ ማዕበሉ ይገባበታል። ቀዛፊው መቅዘፊያዎቹን ከለቀቀም ጀልባው ወዲያው ይገለበጣል፤ ዋና ለማያውቅ ሰው ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

የስፋት ነገር እንዲሁ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ርዝመቱ ሳይለወጥ የጀልባው ስፋት በእጥፍ ቢጨምር፣ ላለመገልበጥ ያለው ኃይል የሚያድገው በሁለት እጥፍ ሳይሆን በስምንት እጥፍ ገደማ ነው። በአንጻሩ ፍጥነት ይቀንሳል። አጭር ጀልባ በራሱ የሚያስነሣው ማዕበል ቶሎ ይይዘዋል፤ 5 ሜትር ያህል የሚረዝመው ከ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሲሄድ፣ 8 ሜትር የሚረዝመው ደግሞ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ ድካሙ እየበዛ ይመጣል። ለጤናው ለሚቀዝፍ ሰው ግን ይህ ልዩነት ከደኅንነቱ ጋር የሚነጻጸር አይመስለንም።

ይህን አስታራቂ መንገድ የተከተለው አርተር ማርቲን የተባለው አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበው የባሕር ቀዘፋ ጀልባ ርዝመቱ 4.9 ሜትር፣ ስፋቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ፣ እንደ ውድድር ጀልባ ተንሸራታች መቀመጫ አለው። ጀልባው የተሠራው ከፋይበርግላስ ቢሆንም ልኩ ለእንጨት ሠራተኛም መልካም መነሻ ነው።

የአሠራሩም ዘዴ ቢሆን ንድፉን ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ አገር የወጣው ሚረር የተባለው ባለ ሸራ ጀልባ ቀላል መንገድ አሳይቷል፤ የኮምፔንሳቶ ቁራጮች ዳር ዳራቸው ተበስቶ በመዳብ ሽቦ ይሰፋሉ፣ ስፌቱም በፋይበርግላስ ጨርቅና በሙጫ ይሸፈናል። ከባልና ከሚስት ማን የተሻለ እንደሚሰፋ መናገር አያስፈልግም። የኮምፔንሳቶ ርዝመት 2.44 ሜትር ስለሆነ ሁለቱ ሲጋጠሙ 4.8 ሜትር የሚሆን ጀልባ ይወጣቸዋል፤ ለ8 ሜትር ግን አራት ተከታትለው ሦስት ቦታ ይጋጠማሉ። መጋጠሚያው የጣውላውን ውፍረት ስምንት ጊዜ ያህል በሰያፍ ይላጋል፤ ለ4 ሚሊ ሜትር 32 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። በደንብ ያልተላገ መጋጠሚያ በውኃ ላይ የሚሰበር ቦታ ነው።

ኮምፔንሳቶው ከመገዛቱ በፊት ትንሽ ቁራጭ በድስት ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ይቀቀል። ንብርብሩ ከተላቀቀ ኮላው ለቤት ዕቃ እንጂ ለውኃ የሚሆን አይደለም። ድስቱ ግን ወጥ የማይሠራበት አሮጌ ይሁን፤ የቤቱ እመቤት ፈቃድም አስቀድሞ ይጠየቅ።

እመቤቲቱ የምትጠየቀው ስለ ድስቱ ብቻ አይደለም። በጀልባው የሚሄደው ባል ብቻ ነው ወይስ ሁለቱም? ለአንድ ሰው በተሰላ ጀልባ ላይ ሁለተኛ ሰው ቢጨመር ጠርዙ ወደ ውኃው ይወርዳል። ስለሆነም ሁለት ሰው የሚሄድበት ከሆነ ለሁለት ሰው ክብደት የተሰላ ንድፍ መግዛት ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ የታሸገ የአየር ክፍል የሌለው ንድፍ ጨርሶ አይመረጥ፤ ጀልባው ውኃ ቢሞላ ተንሳፍፎ የሚያቆየው እርሱ ነውና።

ንድፉ ከተመረጠ በኋላ ጣውላ ከመቆረጡ በፊት በካርቶን አሥር ጊዜ አሳንሶ መሞከር ይገባል። 48 ሴንቲ ሜትር የምትሆነው የካርቶን ጀልባ በክር ስትሰፋ የትኛው ቁራጭ እንደማይገጥም ወዲያው ታሳያለች፤ ሥራዋን ስትጨርስም ለልጆች መጫወቻ ትሆናለች።