ከትርጉሙ በፊት ማውጫውን ተመልከቱ

ስለ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ማወቅ የጀመሩ ሰዎች በውስጥ መስመር ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፤ «የትኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ልግዛ?» ይሉኛል። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ያደጉ አሉ፣ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመጡ አሉ፣ በውጭ ሀገር አድገው ከአማርኛ ይልቅ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቀላቸው ወጣቶችም አሉ። ጥያቄው ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል። ቤተ ክርስቲያንን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሰው ወሬ ይልቅ ከእግዚአብሔር ቃል ቢጀምር ይሻለዋልና። መልሱን ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ እነሆ።

ብዙዎች በቅድሚያ የሚያሳስባቸው የትርጉሙ ጥራት ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ማውጫውን ግለጡና መጻሕፍቱን ቁጠሩ እላለሁ። የካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ 73 መጻሕፍት አሉት፤ 46ቱ የብሉይ ኪዳን፣ 27ቱ የአዲስ ኪዳን ናቸው። በፕሮቴስታንቶች ዘንድ የሚታወቀው 66 ነው። አዲስ ኪዳን ላይ ምንም ልዩነት የለም። ልዩነቱ ብሉይ ኪዳን ላይ ነው፦ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክ፣ ባሮክ፣ አንደኛና ሁለተኛ መቃብያን፣ በአስቴርና በዳንኤል ውስጥም ተጨማሪ ክፍሎች አሉ። ካቶሊኮች እነዚህን ዲዩትሮካኖኒካል መጻሕፍት ይሏቸዋል።

«እነዚህን የጨመረው የትሬንት ጉባኤ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1546 (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዝርዝሩን በድንጋጌ አጸናው እንጂ ከራሱ አላመጣውም። በሰሜን አፍሪካ የተደረገው የካርቴጅ ጉባኤ በ397 ጦቢትን፣ ዮዲትንና ሁለቱን የመቃብያን መጻሕፍት በስም ጠርቶ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥሯቸዋል። የፍሎረንስ ጉባኤም በ1442 ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ስለተደረገው አንድነት በጻፈው ሰነድ ዝርዝሩን አስፍሯል።

ይህ ጉዳይ የቁጥር ክርክር ብቻ አይደለም። ካቶሊኮች ለሙታን ለምን እንደሚጸልዩ የሚጠይቅ ሰው 2ኛ መቃብያን ምዕራፍ 12ን ማንበብ አለበት፤ ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት ለወደቁት ወታደሮቹ መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ገንዘብ የላከበት ታሪክ እዚያ ነው። መላእክት ጸሎታችንን ወደ እግዚአብሔር ስለማቅረባቸው የሚጠይቅ ጦቢት ምዕራፍ 12 ላይ መልአኩ ሩፋኤል የሚናገረውን ይስማ። 66ቱን ብቻ ይዞ የሚመረምር ሰው «ይህን ከየት አመጡት?» ቢል አይፈረድበትም፤ ቦታው እሱ ዘንድ የለምና።

አሁን ሰማንያ አሐዱ የተባለውን የቤተ ክርስቲያናችሁን መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ ላደጋችሁ የኦርቶዶክስ ልጆች። እናንተ ጦቢትን፣ ዮዲትን፣ ጥበብን፣ ሲራክንና ባሮክን በቤታችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ሄኖክ፣ ኩፋሌና ዕዝራ ሱቱኤል በካቶሊክ ቀኖና ውስጥ አይገኙም። በጣም ልትጠነቀቁ የሚገባው ግን መቃብያን ላይ ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም መጻሕፍቱ የተለያዩ ናቸው። የእኛ ሀገር ሦስቱ መጽሐፈ መቃብያን ከብንያም ወገን ስለሆነው ስለ መቃቢስና በንጉሥ ጺሩጻይዳን ዘመን ስለተሠዉት ልጆቹ ይተርካሉ። የካቶሊኮቹ ሁለት መጻሕፍት የሚያወሱት ይሁዳ መቃቢስና ወንድሞቹ በንጉሥ አንጥያኮስ ላይ ስላደረጉት ተጋድሎና ስለ ቤተ መቅደሱ መንጻት ነው። ስለዚህ አንድ ካህን «2ኛ መቃብያን 12ን አንብብ» ሲላችሁ በሰማንያ አሐዱው መቃብያን ብትፈልጉት አታገኙትም። ይህን ሳያውቁ «ካቶሊኮች የሌለ ጥቅስ ይጠቅሳሉ» ብለው የተዉ ሰዎች ስላሉ ነው አጥብቄ የምናገረው።

በእንግሊዝኛ ለምታነቡ ምርጫው ሰፊ ነው። ዱዌ ሬምስ የሚባለው ከቅዱስ ጀሮም የላቲን ቩልጌት የተተረጎመ ነው፤ አዲስ ኪዳኑ በ1582፣ ብሉይ ኪዳኑ በ1609 እና 1610 ታተመ። ግርማ አለው፤ የመዝሙሩ ቁጥርም ከግዕዙ መዝሙረ ዳዊት ጋር ስለሚሄድ «እግዚአብሔር እረኛዬ» የሚለውን 22ኛው ላይ ታገኙታላችሁ። ቋንቋው ግን የጥንት ነውና ለጀማሪ ይከብዳል። በአሜሪካ የምትኖሩ በቅዳሴ የምትሰሙት ንባብ መሠረቱ ኒው አሜሪካን ባይብል ነው፤ የተሻሻለው እትሙ በ2011 ወጥቷል። ንባቡ ቀላል ነው፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹ ግን ወደ ሊቃውንት ክርክር ስለሚያደሉ ለአዲስ አንባቢ ሁልጊዜ አይመቹም። በእንግሊዝና ዌልስ ያላችሁ ከ2024 ማብቂያ ጀምሮ በቅዳሴ የምትሰሙት ኢ ኤስ ቪ የተባለው ትርጉም የካቶሊክ እትም ነው።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው አር ኤስ ቪ የተባለውን ትርጉም ሁለተኛ የካቶሊክ እትም ነው። በ2006 ኢግኔሽየስ ፕሬስ አሳትሞታል። መጻሕፍቱ መጀመሪያ ለተጻፉባቸው ቋንቋዎች የቀረበ፣ ጮክ ብሎ ለማንበብ የሚያምር፣ በጸሎት ውስጥ የነበሩትንም ያረጁ አነጋገሮች የተወ ነው። ከፕሮቴስታንት ቤት ለመጣችሁ ደግሞ ደስ የሚል ታሪክ አለው። አር ኤስ ቪ መጀመሪያ የፕሮቴስታንት ሊቃውንት ሥራ ነበር፤ ካቶሊኮች ጥቂት አስተካክለው ሙሉውን በ1966 የራሳቸው እትም አድርገው አወጡት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ዴይ ቨርቡም በተባለው ሰነዱ ከሌሎች ክርስቲያኖች ጋር አብሮ መተርጎምን ፈቅዶ ነበር።

በአማርኛ ብቻ ለምታነቡ፣ በብዙ ቤት የሚገኘው የ1954 ዓ.ም. እትምም ሆነ አዲሱ መደበኛ ትርጉም 66 መጻሕፍት ያሉት ነው። አትጣሉት፤ ወንጌሉና መልእክታቱ ሁሉ እዚያ አሉ። ጦቢትን፣ ጥበብንና ሲራክን ከሰማንያ አሐዱ አንብቡ፤ ለመቃብያን በአቅራቢያችሁ ወዳለው የካቶሊክ ቁምስና ጎራ በሉና ካህኑን ወይም የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩን ጠይቁ። አታፍሩ፤ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ደስ ይላቸዋል።

«የካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ የፈረንጅ ነው» ለሚሉም አንድ ነገር ላስታውስ። የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ቤት የታተመው በ1513 ሮም ላይ ነው። የግዕዝ አዲስ ኪዳንም በ1548 እና 1549 እዚያው ሮም ታተመ፤ ሥራውን የመራው የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ነበር። የትሬንት ጉባኤ የቀኖናውን ዝርዝር ባጸና በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሆኑ ነው። ቋንቋችን በዚያች ከተማ እንግዳ አልነበረም።

ስትገዙ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ተመልከቱ። ኢምፕሪማቱር የሚል ቃል ካያችሁ የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ አግኝቷል ማለት ነው፤ በ1983ቱ የቀኖና ሕግ ቁጥር 825 መሠረት የካቶሊክ እትም ያለ መንበረ ጴጥሮስ ወይም ያለ ጳጳሳት ጉባኤ ፈቃድ አይወጣም።

ከዚያ ከሉቃስ ወንጌል ጀምሩ። ካቶሊኮች በየዕለቱ የሚጸልዩት የማርያም ሰላምታ የተወሰደው፣ በማታ ጸሎታቸው የሚያቀርቡት የእመቤታችን የምስጋና ጸሎትም የሚገኘው በምዕራፍ 1 ነው። ቀጥሎ ያው ሉቃስ የጻፈውን የሐዋርያት ሥራ፣ ከዚያ ጦቢትን፣ ከዚያ የእናትና የሰባት ልጆቿን ሰማዕትነት የሚተርከውን 2ኛ መቃብያን ምዕራፍ 7ን አንብቡ። ቅዳሜ ማታ የእሑዱን የቅዳሴ ንባብ ቀድማችሁ አንብቡና እሑድ ሄዳችሁ ሲነበብ ስሙት፤ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቃሉን በግል ከምታነብበት ይልቅ በጉባኤ ስትሰማው ነው የምትታወቀው።

73ቱን መጻሕፍት የያዘ፣ የምትረዱት ቋንቋ ያለው መጽሐፍ ካገኛችሁ የተሻለ ትርጉም ፍለጋ ወራት አትፍጁ። ግዙትና ማንበብ ጀምሩ። ያልገባችሁን ምዕራፍ ጻፉልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።