የገፈራ ባክቴሪያ ወጪውን የሚመልሰው መቼ ነው?

በአዳማ ዙሪያ ባሉ ማድለቢያዎች የቦረና ወይፈን ለውጭ ገበያ የሚያዘጋጅ ነጋዴ ትርፉም ኪሳራውም ያለው መኖው ላይ ነው። መኪናው ወይም መርከቡ ሲዘገይ ወይፈኑ ቆሞ ይበላል፤ መኖው ከተበላሸ ደግሞ ቆሞ ይከሳል።

ገፈራ ወይም ሳይሌጅ የሚባለውን መኖ ከብልሽት የሚጠብቀው አሲድ ነው። ተከትፎ አየር እንዳያገኝ በታመቀ በቆሎ ወይም ማሽላ ውስጥ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ ወተት ሲረጋም የሚሆነው ይኸው ነው። ፒኤቹ ወደ 4 ሲወርድ መኖውን የሚያበሰብሱት ተህዋስያን ይገታሉ። በእሽግ የሚሸጠው ዱቄት ለዚህ ሥራ የተመረጡ ባክቴሪያዎችን የያዘ ነው።

ዓይነቱን መለየት ግን የግድ ነው። ላክቶባሲለስ ፕላንታረም መኖውን ቶሎ ያኮመጥጣል። ላክቶባሲለስ ቡችነሪ ደግሞ የኮምጣጤን አሲድ ስለሚጨምር ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ መኖው እንዳይሞቅና እንዳይሻግት ይረዳል። በቆላ አገር ገፈራውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ለሚያወጣ ሰው የሚበጀው ይህኛው ነው። ሆኖም ውጤቱ እስኪታይ ከ45 እስከ 60 ቀን ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ሳምንት የሚከፍት ሰው የከፈለበትን አያገኝም።

ሲገዙ ጽሑፉን አንብቦ ማስላት ይገባል። የተለመደው መጠን ለአንድ ግራም ትኩስ መኖ 100 ሺህ፣ ለአንድ ቶን 100 ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ “ለ50 ቶን ይበቃል” የተባለ እሽግ 5 ትሪሊዮን ሊይዝ ይገባል። ባክቴሪያው ሕይወት ያለው ነገር ነውና በመኪና ውስጥ በሙቀት የሰነበተ እሽግ አይታመንም። ክሎሪን የበዛበት የቧንቧ ውሃም ሊገድለው ይችላል።

ዱቄቱ የአሠራር ጉድለትን አይሸፍንም። በቆሎው ሲታጨድ ደረቅ ይዘቱ ከ30 እስከ 35 በመቶ ቢሆን፣ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቢከተፍ፣ በደንብ ቢረገጥና በፕላስቲክ ቢታሸግ ያለ ዱቄትም ጥሩ ገፈራ ይወጣዋል። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ግን የትኛውም ባክቴሪያ አያድነውም።

በከረጢት የታሸገ ገፈራ የሚገዛ ነጋዴ ከመክፈሉ በፊት አንዱን ከፍቶ ይይ፤ እጁንም ያስገባበት። ጥሩው ቀዝቃዛ ነው፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ፣ ሽታውም ለስለስ ያለ ኮምጣጣ ነው። የሞቀ፣ የሻገተ ወይም የከረፋ ከሆነ በርካሽም አይገዛ፤ ሻጋታ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ የታመመ ወይፈን ደግሞ ድንበር አይሻገርም።